ሣር እያለ የሚከሳ ወይፈን፦ በቆላ ግጦሽ የተጨማሪ መኖ ችግርና መፍትሔ

በመተማና በቋራ ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ሰንበሌጡ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የካቲት ላይ ግን ያው ሣር ቆሞ ሳለ ጡት የጣሉ ጥጆች፣ ጊደሮችና ወይፈኖች ጎድናቸው ይቆጠራል። አርቢው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት እበቱን ቢያይ ይሻላል።

ጠዋት በረት ገብተው ትኩሱን እበት በእንጨት ይክፈቱት። ጠጥሮ፣ እንደ ተደራረበ ቂጣ ቆሞ፣ ውስጡም ረጃጅም ያልላመ ጭራሮ የሞላበት ከሆነ መንስኤው በአብዛኛው የፕሮቲን እጥረት ነው። ያረጀ የቆላ ሣር የፕሮቲን መጠኑ ከደረቅ ክብደቱ ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ፣ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ያጥራቸዋል። ሣሩ ሳይብላላ በሆድ ውስጥ ይሰነብታል፤ ሆድ ካልጎደለ ደግሞ እንስሳው አይግጥም። ስለዚህ ሆዱ ሞልቶ ይራባል። መፍትሔው 150 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ወይፈን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የኑግ ወይም የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን) መስጠት ሲሆን፣ መጠኑ በትንሹ ተጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይሞላል። የሚያቀርበው ሰው በየቀኑ ካልተመቸው የሁለቱን ቀን ድርሻ አንድ ላይ በየሁለት ቀኑ ቢሰጥ ውጤቱ ብዙም አይጎድልም፤ ሰውነቱ የተረፈውን ናይትሮጅን በምራቁ ወደ ጨጓራ ይመልሳልና። የሻገተ ፋጉሎ ግን በርካሽ ቢገኝም አይገዛ።

ብዙዎች ከፋጉሎ ይልቅ በቆሎ ወይም ማሽላ ያበዛሉ። እንስሳው ገንዳው አጠገብ ቆሞ የሚውል፣ ሣር የማይነካ፣ እበቱም የቀጠነ ከሆነ እህሉ ግጦሹን ተክቶታል፤ ጨጓራውም አሲድ በዝቶበታል። እህሉን ቀንሶ በፋጉሎ መተካት ነው። የደረቀውን ሣር ለማስበላት የገዛነው መኖ ሣሩን ካስተወ፣ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ጠፋ ማለት ነው።

አጥንት፣ ገመድ ወይም አፈር የሚያኝክ ከብት ፎስፎረስ እንዳጠረው ይጠረጠራል። አንዲት ጊደር ከሜዳ ያነሣችውን የደረቀ አጥንት እረኛው እንዳይነጥቃት አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሸሽ አይቻለሁ። ባለቤቷ «አሞሌ አልሳት የለ እንዴ?» አሉኝ። አሞሌ ጨው ነው፤ ፎስፎረስ አይሰጥም። በከፍተኛ ሙቀት ተቀቅሎ የተፈጨ የአጥንት ዱቄት ከጨው ጋር ቀላቅሎ ማላስ፣ በፎስፎረስ የበለጸገውን ፉሩሽካም መጨመር ይረዳል። የወዳደቀ አጥንት ከግጦሹ ተለቅሞ ይቀበር፤ ከበድን የሚገኝ መርዝ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ አምጥቶ፣ ጡንቻን አዝሎ ይገድላልና።

መኖ በበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ የአረፋ ለሃጭና የሆድ መነፋት ከታየ በዩሪያ የታከመ ገለባ ወይም ብሎክ (ዩሪያ ያለበት የሚላስ ጠጣር መኖ) ከልክ በላይ መበላቱ ይጠረጠራል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ ደም ውስጥ ገብቷል። ሐኪም እስኪደርስ፣ መዋጥ ለሚችል ወይፈን ከ1 እስከ 2 ሊትር ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብሎ ይጋት። መከላከያው ልኬት ነው፦ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ በደንብ ሟሙቶ ይረጫል፤ ለ21 ቀን በፕላስቲክ አየር ሳያገኝ ይታፈናል፤ ከመቅረቡ በፊት ሽታው እስኪቀንስ ይናፈሳል። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ ዩሪያ አይሰጥም፤ ከላይ የተጠቀሰው የየሁለት ቀኑ ዘዴም ለዩሪያ አይሠራም።

ትላልቆቹ ሲወፍሩ ትንንሾቹ የሚከሱ ከሆነ ችግሩ ገንዳው ላይ መገፋፋቱ ነው። ጥጃ ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ያለው አጥር ይበቃል። አገጩ ሥር ያበጠ፣ ፀጉሩ የቆመና የሚያስቀምጠው ደግሞ የጉበት ትል ወይም የሆድ ጥገኛ ሳይኖርበት አይቀርም፤ መኖ ከመጨመር በፊት እበቱ ይመርመር።

ተጨማሪው መኖ ከብቱ ከከሳ በኋላ በመጋቢት ሳይሆን ሣሩ መንጣት ሲጀምር፣ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ ይጀመር። የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ወረደም አይቋረጥ። አዲሱ ቡቃያ ውኃ የበዛበት ስለሆነና ከብቱም አረንጓዴ ፍለጋ ሲንከራተት ስለሚውል፣ ሣሩ አፍ እስኪሞላ ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል።