አልደባራንን ከግንፍሌ ሆኖ ለማየት

ኮከብ ለማየት ከከተማ መውጣት ያስፈልጋል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለአብዛኞቹ ከዋክብት እውነታቸውን ነው። አልደባራን ግን መሀል አዲስ አበባ ላይ ሆኖም ይታያል። እኔ የምኖረው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው። በበጋ ሰማዩ ከጠራ፣ ልብስ የምናሰጣበት ሰገነት ላይ ወጥቼ በባዶ ዓይኔ አየዋለሁ። ብርቱካናማ ነው። ቀለሙን ካላያችሁ ገና አላገኛችሁትም።

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። እኔ በገናና በጥምቀት መካከል ያሉትን ምሽቶች እመርጣለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ውጡ፤ ኮከቡ ያኔ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሏል። ይህ ከፍታ ወሳኝ ነው። አድማስ አጠገብ ያለ ኮከብ በጭሱና በአቧራው ውስጥ ስለሚታይ ሁሉም ቀላ ይላል፣ ቀለሙን ማመን አይቻልም።

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ መንገዱ በመብራት ደምቋል። ለእግረኛ ደስ ይላል፣ ለኮከብ ግን ያስቸግራል። አምፖሉ በቀጥታ ዓይናችሁ ውስጥ የማይገባበት ጥግ ፈልጉ። እኔ ከሮቶው ጀርባ ነው የምቆመው። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ሩብ ሰዓት ያህል ታገሡ፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ። መብራት ከሄደማ እሰየው! ሻማ ፍለጋውን ትታችሁ ወደ ላይ ሩጡ።

አሁን ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ፤ እንጦጦ በግራችሁ ይሆናል። በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ ድምቀታቸው የሚቀራረብ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ። የኦሪዮን መቀነት የሚባሉት ናቸው። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉና በስንዝር ለኩ። ከመቀነቱ ተነሥታችሁ ሽቅብ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ሞላ ያለ አንድ ስንዝር ስትሄዱ አልደባራን ላይ ታርፋላችሁ። ለማረጋገጥ ደግሞ ወደ መቀነቱ ተመለሱና ከእሱ በዚያው መስመር ቁልቁል ወደ ቀኝ አንድ ስንዝር ውረዱ። እዚያ ያለው ሲሪየስ ነው፤ በሌሊት ሰማይ ላይ እሱን የሚያህል ደማቅ ኮከብ የለም፣ ቀለሙም ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እዩ። ብርቱካናማው ፍንትው ብሎ የሚወጣው ያኔ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቤቴልጁዝ በሚባለው ኮከብ ነው። እሱም ቀላ ያለ ነው፤ ግን ከመቀነቱ በስተግራ፣ ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጡጫ ያህል ብቻ ይርቃል። የጎረቤቴ ልጅ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠቁመው እሱን ነው። ማርስም አንዳንድ ዓመት በዚያ ሰፈር ያልፋል፤ የፕላኔት ብርሃን ግን እንደ ኮከብ አይርገበገብም።

ቀለሙ የሚመጣው ከሙቀቱ ነው። የፀሐያችን ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የአልደባራን 3,600 ገደማ ነው። ብረት ቀጥቃጭ ያውቀዋል፤ ፍም የመሰለ ብረት ነጭ እስኪሆን ከጋለው ይበርዳል። አልደባራን በእምብርቱ የነበረውን ነዳጁን፣ ሃይድሮጂንን፣ ጨርሶ ያበጠ ኮከብ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ ብዙም አይበልጥም፣ ወርዱ ግን 44 እጥፍ ያህል ነው። የኛዋም ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ እንዲሁ ታብጣለች። የራሳችንን ፀሐይ እርጅና ከሮቶ ጀርባ ቆሞ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ርቀቱ ወደ 65 የብርሃን ዓመት ነው፤ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 65 ዓመት ያህል ይጓዛል ማለት ነው። በጥር 2018 ዓይናችሁ የሚገባው ብርሃን እንግዲህ በግምት በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሰሞን ከኮከቡ የተነሣ ነው። ያኔ ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነበር። ፎቅ በታች ያሉት እማማ ግርግሩን ያስታውሳሉ። ይህን ስነግራቸው «እስቲ አሳዪኝ» ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ደረጃውን ወጡ።

ባይኖኩላር ካላችሁ ከአልደባራን አጠገብ የተበተኑ ትናንሽ ከዋክብት ታያላችሁ፤ ሃያዴስ ይባላሉ። ጎረቤቶቹ ይመስላሉ እንጂ 150 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ፣ ከእሱ ብዙ ኋላ ናቸው። ፎከሱን ትንሽ ብታበላሹት የአልደባራን ቀለም ይበልጥ ይጎላል።

የከተራ ለት ጃን ሜዳ የምታድሩ ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አናታችሁ ላይ ነው፣ ከመሀል ወደ እንጦጦ ትንሽ ዘንበል ብሎ። አንገታችሁን ከምታሳምሙ ሰሌን ላይ ጋደም በሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይሄዳል። በሚያዝያ መጀመሪያ ገና ሲመሽ በመርካቶ በኩል ወደ ምዕራብ ያዘቀዝቃል፣ ግንቦት ሲጋመስ ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ይውጠዋል።