ጎንደር ያለው ቤታችሁ ከእርሻ ጋር ይዋሰናል? የጓሮ አጥር ከማሠራታችሁ በፊት

እህቴ ውጭ አገር ናት። ከአዘዞ ወጣ ብሎ ያለ ቤቷን የምከታተልላት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን የጓሮ አጥር በብሎኬት አሠራንላት። ሁለት ሜትር ከፍታ፣ ድፍን፣ ሲያዩት የሚያምር። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስደርስ ስምንት ሜትር ያህሉ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። ከጀርባው ያለው የጤፍ ማሳ ውሃ አቁሯል። አዋሳኛችን ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳር ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ውሃው በየት ይሂድ ብላችሁ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይሄን የምጽፈው እናንተም ከውጭ አገር ሆናችሁ የምታሠሩ ገንዘባችሁን እንደዚያ እንዳታፈሱ ነው። የቤታችሁ ፊት ለፊት መንገድ ነው፤ እዚያ ድፍን አጥር ያስፈልጋል። ጓሮው ግን የሚገጥመው ውሃ፣ ከብትና በሬ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት አጥር አታሠሩ።

መጀመሪያ አፈሩን ጠይቁ። ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የካቲት ላይ እጄን እስከ ክርን ያስገባሁበት ስንጥቅ አለ። እንዲህ ያለ አፈር ላይ በጥልቀት ያልወረደ መሠረት በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፣ ብሎኬቱም ይሰነጠቃል። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ ነገር ላይ መቀመጥ አለበት። ዋልካው በጣም ጥልቅ ከሆነ፣ በእኔ በኩል፣ ከጓሮ ድፍን ግንብ ባታሠሩ ይሻላል። ማሳው ከግቢያችሁ ከፍ ካለ ደግሞ ከግንቡ ሥር በየሁለት ሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ይቀበር። ግቢው ውስጥም ውሃውን እስከ መንገዱ ቦይ የሚያደርስ መውረጃ ይቆፈር። ያለዚያ የእናንተን ችግር ለጎን ጎረቤት ነው የምታስተላልፉት።

የቆርቆሮ አጥር ሥራው ቶሎ ይጠናቀቃል፣ ወጪውም ይቀላል። ግን ክፍት ማሳ ነፋስ አለው። 32 ጌጅ ስስ ነው፤ 28 ይሻላል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራልና። የባሕር ዛፍ ቋሚ ካቆማችሁ አፈር የሚገባው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፣ ምስጥ አይምርም።

ድንጋይ ጎንደር ሞልቷል። የፋሲል ግቢን የሚከበው 900 ሜትር ያህል አጥር የዚሁ አገር ድንጋይ ነው። እኔም ለእህቴ በመጨረሻ የመረጥኩት ከሥር ስልሳ ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግንብ ቱቦ ያለው፣ ከላይ የሽቦ አጥር፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ቅንጭብ ነው። ድንጋዩ ጅብና ውሻ በሥር እንዳይገባ ያደርጋል። ሽቦው አዝመራው ተነስቶ ከብት ሲለቀቅ ይጠቅማል። ቅንጭቡን ቅርንጫፉን ቆርጦ ሰኔ ላይ መትከል ነው፣ ይበቅላል፤ ከብትም አይበላውም። ወተቱ ግን ዓይን ይጎዳል። ሕፃናት ያሉበት ግቢ ከሆነ በምትኩ ሰንሰል ይተከል። ባሕር ዛፍ በድንበር ላይ እንዳታስተክሉ። ውሃውን ይመጥጣል፣ ማሳውን ያጠላል፣ ጠቡም አይቀርም።

ወሰኑን አዋሳኙ ገበሬ በሌሉበት አትለኩ። በካርታችሁ ላይ ያለው መስመር አንድ ነገር ነው፣ ለዓመታት ሲታረስ የኖረው ድንበር ሌላ። በሬ ደግሞ ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚዞርበት ቦታ ይፈልጋል። እኛ ሁለተኛውን አጥር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባነው። እህቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። ዛሬ ግን እኚያው ገበሬ ናቸው ግቢውን የሚጠብቁላት፤ አንድ ሌሊት ሽቦው ተቆርጦ ሲያዩ ገና ሳይነጋ ነው የደወሉልኝ። ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ ያን ሳምንት ለዚህ አውሉት። ማሳው ታጭዷል፣ ድንበሩ በግልጽ ይታያል። ከሽማግሌ ጋር ዙሩት፣ ድንጋይ ትከሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ተፈራረሙ።

መምጣት ካልቻላችሁ ውክልናውን አጥብቁት። ብዙ ሰው አጠቃላይ ውክልና ልኮ የጨረሰ ይመስለዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት እንዲህ ያለው ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ለመታረቅ፣ ለመክሰስና ለመከሰስ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። የወሰን ነገር ከተነሳ ወኪላችሁ እጁ ታስሮ ይቆማል ማለት ነው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስትፈርሙ በወሰን ጉዳይ እንዲታረቅ፣ እንዲከስና እንዲከሰስ፣ የአጥር ፈቃድም እንዲያወጣ በግልጽ ይጻፍ። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ፈቃዱን ክፍለ ከተማው ጋ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የቆመ አጥር ሊያስፈርሱባችሁ ይችላሉ።

ሥራው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይጠናቀቅ። ገንዘቡን በአንዴ አትላኩ። ብሎኬት የምታሠሩበት ጎን ካለ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የአንዱ ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በካሬ ሜትር 12 ተኩል ይገባል። 30 ሜትር ርዝመት በ2 ሜትር ከፍታ 750 ብሎኬት ይፈጃል፤ ለሚሰበረው ትንሽ ጨምሩ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ከተባላችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ከሁሉ በላይ ግን ጉድጓዱ ተቆፍሮ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት በቪዲዮ ይደወልላችሁ። ሜትሩ እስከ ታች ወርዶ ቁጥሩ ይታያችሁ። ቀጣዩን ክፍያ ከዚያ በኋላ ልቀቁ።