ጥቅስ ከመወራወር በፊት፦ ስለ ቤተ እምነቶች ስንነጋገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ማየት ብርቅ አይደለም። አክስት በኢድ ትጠራናለች፣ እኛ በፋሲካ እንጠራታለን። የሚያሳዝነኝ፣ ይህን ሁሉ የቻልን ሰዎች ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር ሲነጋገር ትዕግስታችን ያልቃል። ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ፣ ካቶሊክ መባባል ሲጀመር ድምፅ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው አልልም። ግን ብዙው ጠብ የሚነሳው ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ሳይታወቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ጥቅስ ነጥሎ መምዘዝ ይመስለኛል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሁለት የአጎት ልጆች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ስልኩን ከፍቶ ሮሜ 3፥28ን አነበበ፤ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል የሚለውን። ሌላው ወዲያው ያዕቆብ 2፥24ን አወጣ፤ በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ የሚለውን። ስልካቸውን አንዱ ወደ ሌላው ፊት እየገፋ ቀጠሉ። ቀጣዩን ቁጥር ግን ማንም አላነበበም። ጳውሎስ ወዲያው፣ ቁጥር 29 ላይ፣ እግዚአብሔር የአይሁድ ብቻ አምላክ ነወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚናገረው የሙሴ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ እንዴት ይድናሉ ስለሚለው ነው። ያዕቆብ ደግሞ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ የሚለብሰውና የሚበላው ያጣ ወንድም ያመጣል፤ እሱን በባዶ እጅ «በደህና ሂድ» ብሎ የሚሸኘውን ሰው ይገስጻል። ሁለቱም ምሳሌ የሚያደርጉት አብርሃምን ነው። ምዕራፉን ሙሉ ማንበብ ክርክሩን አይዘጋውም፤ ሊቃውንቱም እዚህ ላይ ይለያያሉ። ቢያንስ ግን ስለ ምን እንደምንከራከር እናውቃለን።

ለማጽናኛ የምንወስዳቸው ጥቅሶችም ከዚህ አያመልጡም። ኤርምያስ 29፥11 ባጃጅ መስታወት ላይ ሳይቀር ተለጥፎ ይታያል። ከላዩ ያለው ቁጥር 10 ግን ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች 70 ዓመት ይላል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ሲፈጸም ግን ብዙዎቹ ሰሚዎች በሕይወት አልነበሩም።

ሌላው የሰውን እምነት ከተቃዋሚው አፍ መማር ነው። «ኦርቶዶክሶች ማርያምን ያመልካሉ» የሚል ሰው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ቢጠይቅ፣ የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ፣ ለእመቤታችን የሚቀርበው የጸጋ፣ ማለትም የአክብሮት ስግደት እንደሆነ ይነግረው ነበር። «ጴንጤ ማርያምን ይጠላል» የሚለውም ቢጠይቅ፣ ክርስቶስ ከድንግል መወለዱን እንደሚያምኑ ይሰማ ነበር። ትክክለኛው ልዩነት ምልጃዋ ላይ ነው። እሱ ላይ በግልጽ መነጋገር ይቻላል። ተዋሕዶንም «የክርስቶስን ሰውነት ትክዳለች» ማለት ከዚሁ ይቆጠራል። ቤተ ክርስቲያኗ በ451 እ.ኤ.አ. የተካሄደውንና ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ያለውን የኬልቄዶንን ጉባኤ ባትቀበልም፣ ሥጋ በመለኮት ተዋጠ የሚለውን አውጣኪንም ታወግዛለች።

ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተትም አለ። መካነ ኢየሱስ የሉተርን ትምህርት የተከተለች ናት፤ ሕፃናትን ታጠምቃለች። መሠረተ ክርስቶስ ከሜኖናይት ወገን ናት፤ የምታጠምቀው አምኖ የመጣውን ብቻ ነው። አድቬንቲስቶች ቅዳሜን ያከብራሉ። ሁሉንም «ጴንጤ» ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ስለ ጥምቀት ስንከራከር ግን ከማን ጋር እንደሆነ አናውቅም።

በመጻሕፍት ቁጥርም ብዙ እንባላለን። ተዋሕዶ 81፣ ካቶሊክ 73፣ ፕሮቴስታንት 66 ይቆጥራሉ። «ጨመራችሁ»፣ «ቀነሳችሁ» ከመባባል በፊት 27ቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት በሦስቱም ዘንድ መኖራቸውን ማወቅ ጥሩ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ከ66ቱ ውስጥ የለም። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ግን የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል። ይህን ይዞ መወያየት ከስድብ ብዙ ያራምዳል።

«ድሮ ሁላችንም አንድ ሐሳብ ነበርን» የሚለውንም መተው አለብን። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ቦሩ ሜዳ ከደሴ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት እዚያ ጉባኤ አደረጉ። የሚከራከሩት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ነበሩ። በዘመኑ ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ የሚባሉ ወገኖች ነበሩ። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ነበር የለያያቸው። ሁሉም የሚያነቡት ያንኑ መጽሐፍ ነው። ለተዋሕዶ ተፈረደ። የንጉሥ ፍርድ ስለሆነ ግን በዚያ አላቆመም። የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ፤ የወሎው መሪ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እምቢ ብለው የተሰደዱም ብዙ ናቸው። የዚያ ጠባሳ እዚህ አገር ገና ይወራል። ስለዚህ የእምነት ክርክርን በጉልበት፣ በዛቻ ወይም ከእድር በማስወጣት እንጨርሰዋለን የሚል ሰው ሲገጥመኝ ልቤ ይደማል።

መጽሐፉን ለብቻ እረዳዋለሁ ማለትም፣ ማንበቡን ለመምህር ትቼዋለሁ ማለትም ያው ስህተት ነው። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር፤ የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይቻለኛል አለ። እሱ ያነብ ነበር፤ ጠየቀም። ምዕራፍ 17 ላይ ደግሞ የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ሰምተው መጻሕፍቱን ዕለት ዕለት ይመረምሩ ነበር። የአንድምታ መምህራንም አንድን ቃል ፈትተው፣ አንድም እያሉ ሌላ ፍቺ ይጨምሩበታል። አንድ ቁጥር አንድ ትርጉም ብቻ አለው ብሎ ለሚከራከር ወጣት ይህን ቢያሳዩት ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ ስለ ቀብር። እምነት የቀየረ ሰው ሲሞት የት ይቀበር፣ በማን ሥርዓት የሚለው ቤተሰብ ያፋጃል። ይህን አስከሬኑ ቤት ውስጥ እያለ መነጋገር ትልቅ ስህተት ነው። እናት አባትን፣ እህት ወንድምን፣ በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱን ለእድሩ ዳኛም አስቀድሞ መንገር ነው።