ራስን በመግዛት ለጡረታ እንዴት ይቆጠባል?

ባሕር ዳር ውስጥ ዕቁቡን አንድ ቀን ሳያስታጉል እየጣለ ለእርጅናው ግን ምንም ያላስቀመጠ ነጋዴ ብዙ ነው። ይህ ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው አይደለም። ዕቁብ ዳኛ፣ ቀንና ተራውን የሚጠብቅ አባል አለው፤ የጡረታ ቁጠባ ግን ጠያቂ የለውም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ጠያቂ ማበጀት ነው።

በመጀመሪያ ያለዎትን ይወቁ። ተቀጣሪ ከሆኑ በየወሩ ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዎ ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል፤ በ60 ዓመት ሲወጡ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ሰባቱ በመቶ እጅ ሳይገባ ስለሚቆረጥ ማንም ሲቸገርበት አይታይም። ባለጀልባውና ዓሣ ነጋዴዋ ግን ቆራጭ የላቸውም።

ቀጥሎ መጠኑን ይወስኑ። ትንሽ ይሁን፤ የሚጸና ከሆነ ይበቃል።

አስቸጋሪው ሦስተኛው እርምጃ፣ ገንዘቡን ከራስ እጅ ማራቅ ነው። የዕለት ወጪ በሚወጣበት ሂሳብ ውስጥ የተቀመጠ ቁጠባ ከሁለት ወር በላይ ሲቆይ እምብዛም አላየሁም፤ በተለይ ሂሳቡ ስልክ ላይ ካለ፣ ማታ የተነሣ ፍላጎት ሳይነጋ ይከፈላል። ስለዚህ ሌላ ሂሳብ ይክፈቱ፤ የኤቲኤም ካርድ አይውሰዱለት፣ ከስልክዎም ጋር አያገናኙት፤ ደመወዝ በገባ ማግስት ወደዚያ እንዲዛወር ለባንኩ ቋሚ ትዕዛዝ ይስጡ። ገንዘቡ ሲጠራቀም በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቢያስቀምጡት የበለጠ ይጠበቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ የፊሊፒንስ ጥናት፣ ደንበኛው ራሱ የቆረጠው ቀን ወይም መጠን ሳይደርስ የማይወጣ ሂሳብ ከቀረበላቸው ሰዎች 28 በመቶው ተቀብለውታል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሂሳቡ የቀረበለት ቡድን የቁጠባ ዕድገት ካልቀረበለት በ81 የመቶኛ ነጥብ በልጦ ተገኝቷል።

ገቢው ወር ለማይጠብቅ ሰው ቋሚ ትዕዛዝ አይሠራለትም። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ አንድ የማውቀው ባለጀልባ፣ በጥምቀት ሰሞን ብዙ፣ በክረምት ጥቂት ስለሚያገኝ፣ ከወደቡ ሳይርቅ ገንዘቡን ለቤንዚን፣ ለቤትና ለጡረታ ሦስት ቦታ ይከፍላል። ሦስተኛውን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ እርሷም ባንክ አስገብታ ደረሰኙን ታሳየዋለች። የእርሱ ጠያቂ እርሷ ናት፤ ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ዕቁብ የሚጥሉ ከሆነ፣ ዕጣው ሳይወጣ ለጡረታ የሚሄደውን ድርሻ ከትዳር አጋርዎ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ብሩ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ምክክር የሚያልቀው ሶፋና ቴሌቪዥን በመግዛት ነው።

ደመወዝ ሲጨመር ድርሻውን ያሳድጉ፤ ውሳኔው ግን ጭማሪው ከመምጣቱ በፊት ይሁን። ሪቻርድ ታለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ድርጅት ከወደፊት ጭማሪያቸው ለመቆጠብ አስቀድመው የተስማሙ ሠራተኞች ቁጠባ በ40 ወራት ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አድጓል። እጅ የሚገባው ገንዘብ ስለማይቀንስ ቅሬታ አይፈጥርም።

በመጨረሻ ለሕመምና ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ሌላ ትንሽ ሂሳብ ይያዙ። ለልቅሶ ዕድር ይደርሳል፤ ለሆስፒታል ግን አብዛኛው ዕድር አይከፍልም። ይህ ሂሳብ የሌለው ቤተሰብ ልጅ በታመመ ዕለት የጡረታውን ገንዘብ ለመስበር ይገደዳል፤ ስለሆነም የሁለት ወር የቤት ወጪ እዚህ ሳይሞላ ገንዘብዎን በጊዜ ገደብ አያስሩ።