ታክስ ያልተከፈለበትን የጡረታ ገንዘብ ወደ ሮት ሲያዛውሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ታክስ ሳይቆረጥበት በፎር ኦ ዋን ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል በሚከፈት የጡረታ ሒሳብ) ወይም በትራዲሽናል አይ አር ኤ (ሰው በራሱ በሚከፍተው የጡረታ ሒሳብ) ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ ታክሱ አስቀድሞ ወደሚከፈልበት የጡረታ ሒሳብ ወደ ሮት አይ አር ኤ ማዛወር ይችላል። ሮት ስሙን ያገኘው ከዴላዌሩ ሴናተር ከዊልያም ሮት ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1998 ነው፤ በ2010 የገቢ ጣሪያው ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ገቢው የቱንም ያህል ቢሆን ማዛወር የሚከለከል ሰው የለም። የተዛወረው ገንዘብ በዚያው ዓመት እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ይከፈልበታል፤ ከዚያ በኋላ ደንቡ እስከተጠበቀ ድረስ ዋናውም ትርፉም ያለ ታክስ ይወጣል። «ከታክስ ነጻ» የሚለው አጠራር ጆሮ ስለሚስብ ብዙ ሰው ታክሱ የቀረለት ይመስለዋል። የተቀየረው ግን የሚከፈልበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት በየትኛው ዓመት፣ በስንት ፐርሰንትና ከየትኛው ኪስ እንደሚከፈል ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው ስህተት ሁሉንም በአንድ ዓመት ማዛወር ነው። ተቀናሹ ወጥቶ 70,000 ዶላር ታክስ የሚከፈልበት ገቢ የቀራቸውን ባልና ሚስት እንውሰድ። በ2025 ለባለትዳሮች የ12 ፐርሰንቱ እርከን እስከ 96,950 ዶላር ይደርስ ስለነበር፣ በዚያ ስሌት 26,950 ዶላር ቢያዛውሩ የሚከፍሉት የፌዴራል ታክስ 3,234 ዶላር ነው። «አንዴ ልገላገል» ብለው 100,000 ዶላር ቢያዛውሩ ግን የተረፈው 73,050 ዶላር 22 ፐርሰንት ይከፈልበታልና ድምሩ 19,305 ዶላር ይሆናል። ያንኑ ገንዘብ በአራት ዓመት ከፋፍለው ቢያዛውሩ፣ ሌላው ገቢያቸው እስካልጨመረ ድረስ፣ ሁሉንም በ12 ፐርሰንት ይጨርሱት ነበር። ሥራ የቀነሰበት፣ ከጡረታ በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ገና ያልተጀመረበት ዓመት ለዚህ የተመቸ ነው።

ሁለተኛው ታክሱን ከሚዛወረው ገንዘብ ላይ ማስቆረጥ ነው። የ50 ዓመት ሰው 50,000 ዶላር ሲያዛውር 11,000 ዶላሩ ለታክስ ተቆርጦ እንዲቀር ቢጠይቅ፣ ሮት የሚገባለት 39,000 ብቻ ነው፤ የተቆረጠው 11,000 ደግሞ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት እንደወጣ የጡረታ ገንዘብ ስለሚቆጠር በላዩ ላይ የ10 ፐርሰንት ቅጣት፣ ማለትም 1,100 ዶላር ይጨመርበታል። ታክሱን ከሌላ ቁጠባ መክፈል የማይችል ሰው፣ በእኔ ግምት፣ መጠኑን ይቀንስ ወይም ለጊዜው ይተወው።

ሦስተኛው ስህተት የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያሳስታል። ገቢያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ሮት ውስጥ በቀጥታ ማስገባት ስለማይፈቀድላቸው፣ ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ መጀመሪያ ትራዲሽናል ውስጥ አስገብተው ወዲያው ያዛውሩታል። ዘዴው ሕጋዊ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከቀድሞ ሥራ የመጣ ሌላ ትራዲሽናል ሒሳብ ሲኖር ነው፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ የአንድን ሰው ትራዲሽናል፣ እንዲሁም ሴፕና ሲምፕል የሚባሉትን (የግል ሠራተኞችና የአነስተኛ ድርጅቶች) አይ አር ኤዎች በሙሉ እንደ አንድ ድስት ወጥ ነው የሚያያቸው፤ ጨው ያለበትን ጎን ለይቶ መጭለፍ አይቻልም። ለምሳሌ ታክስ ያልተከፈለበት 63,000 ዶላር ያላት ነርስ ታክስ የከፈለችበትን 7,000 ዶላር በሌላ ባንክ በአዲስ ሒሳብ አስገብታ ያንን ብቻ ብታዛውር፣ ከጠቅላላው 70,000 ውስጥ ታክስ የተከፈለበት አሥር ፐርሰንቱ ብቻ ስለሆነ፣ ካዛወረችው ውስጥ ከታክስ የሚያመልጠው 700 ዶላር ነው፤ 6,300ው እንደ ገቢ ይመዘገባል። መፍትሔው፣ የአሁኑ መሥሪያ ቤቷ ፎር ኦ ዋን ኬ የሚቀበል ከሆነ፣ 63,000ውን ከዲሴምበር 31 በፊት ወደዚያ ማስገባት ነው፤ ፎር ኦ ዋን ኬ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባምና። የባልና የሚስት ሒሳብ ግን ለየብቻ ነው የሚታየው።

ሜዲኬርን፣ ማለትም ከ65 ዓመት ጀምሮ የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድኅን፣ መርሳትም አለ። የሜዲኬር ወርኃዊ ክፍያ የሚሰላው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ገቢ ስለሆነ፣ በ63 ዓመት የተደረገ ዝውውር በ65 ክፍያውን ያስጨምራል። በ2025 ለባለትዳሮች ወሰኑ 212,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በአንድ ዶላር እንኳ ያለፈ ሰው የፓርት ቢ (የሐኪም ሕክምናን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ክፍያው በወር ከ185 ወደ 259 ዶላር ከፍ ይልበት ነበር፣ ያውም ለእያንዳንዳቸው። ጡረታ በመውጣት ገቢው የቀነሰበት ሰው ቅናሽ መጠየቅ ይችላል፤ ዝውውር ግን በምክንያትነት አይቀርብም። ታክሲ ወይም ኡበር እየነዱ የጤና መድኅን በመንግሥት ድጎማ የሚገዙ ሰዎችም፣ ድጎማው በቤተሰቡ ገቢ ልክ ስለሚሰላ፣ ከማዛወራቸው በፊት ይህንኑ ማስላት አለባቸው።

አዲስ አበባ የጀመሩትን ቤት ለማስጨረስ ያሰቡ ሰዎች ደግሞ የአምስት ዓመቱን ደንብ ይርሱታል። ዕድሜው ከ59 ዓመት ተኩል በታች የሆነ ሰው ያዛወረውን ገንዘብ አምስት ዓመት ሳይሞላው ቢያወጣ፣ ታክሱን ከፍሎም እንኳ የ10 ፐርሰንት ቅጣት ይከተለዋል። እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ አምስት ዓመት አለው፤ የሚቆጠረውም ከዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሆነ በዲሴምበር 2025 የተዛወረው በጃንዋሪ 1 ቀን 2030 ይሞላል። ትርፉን ያለ ታክስ ለማውጣት ደግሞ ዕድሜው መድረሱ ብቻ አይበቃም፣ ሰውየው የመጀመሪያ ሮቱን ከከፈተ አምስት ዓመት ማለፍ አለበት።

የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 31 ነው፤ ኤፕሪል 15 ለመዋጮ እንጂ ለዝውውር አይሠራም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መጣደፍ የሚያስፈራው ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የተዛወረን ገንዘብ መመለስ ስለተከለከለ ነው። ቼኩንም በስምዎ አያስጽፉ፤ ከፎር ኦ ዋን ኬ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ 20 ፐርሰንቱ በግዴታ ተይዞ ስለሚመጣ በቀጥታ ከተቋም ወደ ተቋም ይተላለፍ።

73 ዓመት የሞላቸው ሰዎች (በ1960ና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ከሆነ 75) በሕግ በየዓመቱ ከሒሳቡ ማውጣት ያለባቸውን ገንዘብ መጀመሪያ አውጥተው ነው ቀሪውን ማዛወር የሚችሉት። ከገንዘባቸው የተወሰነውን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ያሰቡ እናቶችና አባቶችም ያንን ድርሻ ባያዛውሩት ይመረጣል፤ ከ70 ዓመት ተኩል በኋላ ከትራዲሽናል አይ አር ኤ ወደተፈቀደለት የበጎ አድራጎት ድርጅት በቀጥታ የሚላክ ገንዘብ ታክስ የለበትምና፣ ማንም ያልጠየቀውን ታክስ መክፈል ይሆናል። ጡረታ ሲወጡ ቴክሳስ ወይም ኔቫዳ ልጆቻቸው ጋ ለመግባት የወሰኑ የሜሪላንድ ነዋሪዎችም፣ እዚያ የክፍለ ግዛት የገቢ ታክስ ስለሌለ፣ እዚያ እስኪገቡ ቢታገሡ የሜሪላንድንም የካውንቲውንም ታክስ ያተርፋሉ።

ከዝውውሩ በኋላ ባንኩ የሚልከው ቅጽ 1099-አር አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን መጠን ታክስ የሚከፈልበት አድርጎ ጽፎ፣ ከጎኑ ግን መጠኑ በትክክል እንዳልተወሰነ የሚገልጸውን ሳጥን ምልክት ያደርግበታል። ያንን ቁጥር እንዳለ የሚገለብጥ ታክስ ሠሪ ታክስ የተከፈለበትን ገንዘብ እንደገና ያስከፍልዎታል፤ የከፈሉበትን የሚያሳየው ቅጽ 8606 ስለሆነ የቀደሙትን ዓመታት ቅጂዎች ይዘው ይሂዱ፣ ተሞልቶ የማያውቅ ከሆነም ከዚህኛው ዓመት ታክስ በፊት እሱን ያስሞሉ።