ከርነል ላይ ኦፕቲማይዜሽን ከመጨመራችሁ በፊት እንዴት ትመዝኑታላችሁ

ኦፕን ሶርስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ላይ መስራት የጀመረ ሰው አንድ ቀን እጁን ይበላዋል። ኦ2 ያለውን ኦ3 ባደርገውስ (የኮምፓይለሩ የኦፕቲማይዜሽን ደረጃዎች ናቸው)፣ ይቺን ፈንክሽን ኢንላይን ባደርጋትስ፣ ማለትም ኮዷ በሚጠራት ቦታ ላይ እንዲገለበጥ፣ ምናምን ማለት ይጀምራል። እኔንም በልቶኝ ያውቃል፣ ስንት ሌሊት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ አሁን የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ምሳሌዎቼ ከሊኑክስ ናቸው ግን ቢኤስዲ ላይ ያላችሁም ብዙ አትቸገሩም።

1. መነሻውን አትንኩት

ሊኑክስ ከርነል ካልነካችሁት በኦ2 ነው የሚሰራው፣ ሳይዙ እንዲያንስለት የሚፈልግ ደግሞ ኮንፊጉ ውስጥ ኦኤስ የሚባለው ደረጃ አለለት። 2022 ላይ ኦ3 ለሁሉም ይከፈት የሚል ፓች መጥቶ የሊኑክስ መስራቹ ሊነስ ቶርቫልድስ አልተቀበለውም፣ እኔም እስማማለሁ። ኦ3 ኮዱን ያሳብጠዋል፣ ከርነል ደግሞ አብዛኛው ስራው ገባ ብሎ ትንሽ ሰርቶ መውጣት ስለሆነ ያበጠው ኮድ የኢንስትራክሽን ካሹን (ሲፒዩው ኮድ የሚያስቀምጥበትን ትንሽዬ ፈጣን ሚሞሪ) ይሞላዋል እንጂ ያን ያህል አይጠቅመውም። ለዲበግ ይመቸኛል ብላችሁ ወደ ኦ0 ላውርደው ብትሉም ኮምፓይል አያደርግላችሁም፣ ኮዱ ራሱ ኮምፓይለሩ የማይደረስበትን ቅርንጫፍ ቆርጦ ይጥለዋል ብሎ ተማምኖ የተጻፈ ነው።

2. ለኩ

ፐርፍ ስታት (የሊኑክስ መለኪያ ቱል ነው)፣ አስር ጊዜ፣ አንድ ማሽን ላይ፣ የሲፒዩውን ፍሪኩዌንሲ አስራችሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ልዩነቱ በሁለት ሩጫ መሃል ከሚታየው መዋዠቅ ካልበለጠ ፍጥነት አልጨመራችሁም ማለት ነው፣ ፓቹን ጣሉትና ተኙ።

3. ኮዱ ራሱ ትክክል ነው ወይስ እድለኛ ነው?

ከባዱ ይሄ ነው። ኦፕቲማይዜሽን ሲጨምር የሚበላሽ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ድሮም የተበላሸ ነበር፣ እስካሁን የሰራው ኮምፓይለሩ ስላላየው ነው።

የኔን ልንገራችሁ። አንድ ድራይቨር ነበረኝ፣ ሃርድዌሩ ስራውን ሲጨርስ ኢንተራፕት ሃንድለሩ (ሃርድዌሩ ሲጣራ የሚነሳው ኮድ) «አልቋል» የምትል ቫሪያብል ላይ 1 ይጽፋል፣ ሌላው ጎን ደግሞ ሉፕ ውስጥ ሆኖ እሷን እያየ ይጠብቃል። የምታየዋ ፈንክሽን ሌላ ፋይል ውስጥ ነበረች፣ ሁለት መስመር ናት። እኔ ጎበዙ በየዙሩ ፈንክሽን መጥራት ብክነት ነው ብዬ ወደ ሄደር ፋይል አወጣኋትና ኢንላይን አደረግኳት፣ ከዛ ቡት ሳደርገው ማሽኑ ደርቆ ቀረ።

ምን እንደሆነ ለማየት ሉፑ ውስጥ አንድ ፕሪንት ጨመርኩ፣ ሰራ! ፕሪንቱን አወጣሁት፣ ደረቀ። መለስኩት፣ ሰራ። እዚህ ጋ ነው የተሸነፍኩት፣ የሃርድዌር ታይሚንግ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ፕሪንቱን እዛው ትቼው ሄድኩ። ከወራት በኋላ ሌላ ልጅ ኮዱን ሲያጸዳ ይሄ ፕሪንት ምን ይሰራል ብሎ አወጣው፣ እውነቱን ነው፣ ምክንያቱን የጻፍኩበት ቦታ የለም። የሱ ማሽን ደረቀ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የራሱን ፓች ሲመረምር ከረመ።

በመጨረሻ ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ኮድ ኦብጅዳምፕ በሚባለው ቱል ከፍቼ አየሁት። ኮምፓይለሩ ቫሪያብሏን አንዴ ብቻ ከሚሞሪ አንብቦ፣ ዜሮ ከሆነች ወደ ራሱ የሚዘል አንድ ጃምፕ ጋ ይልካታል። በሄክስ ኢቢ ኤፍኢ ነው፣ ሁለት ባይት፣ ከዛ መውጫ የለም። ኮምፓይለሩ ደግሞ አላጠፋም፣ ሉፑ ውስጥ ቫሪያብሏን የሚነካ ሰው ስለሌለ ደጋግሜ የማነብበት ምክንያት የለም ብሎ ነው። ፈንክሽኗ ሌላ ፋይል ውስጥ እያለች ግን ውስጧ ምን እንዳለ ስለማያይ በየዙሩ ለመጥራት ይገደድ ነበር፣ ፕሪንቱም ያዳነኝ በዚሁ መንገድ ነው፣ ውስጡን የማያየው ፈንክሽን ሚሞሪውን ሊቀይርበት ስለሚችል እንደገና ማንበብ አለበት። መፍትሄው ሪድ ዋንስ የሚባለው ማክሮ ነው፣ ኮምፓይለሩ በየዙሩ ከሚሞሪ እንዲያነብ ያስገድደዋል፣ አንድ መስመር፣ ከላዩ «ይቺን ኢንተራፕት ሃንድለሩ ይቀይራታል» የሚል ኮመንት።

የኔ ስህተት ማሽን ብቻ ነው ያደረቀው፣ የባሰም አለ። 2009 ላይ ተን የሚባለው የሊኑክስ ቨርቹዋል ኔትወርክ ድራይቨር አንድ ፖይንተር መጀመሪያ ይጠቀምበትና ከዛ በኋላ ናል (ባዶ) ነው ወይ ብሎ ይፈትሽ ነበር። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ደግሞ ከተጠቀምክበት ናል ሊሆን አይችልም ብሎ ፍተሻውን አወጣው፣ በዚህ ቀዳዳ ተራ ዩዘር ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለስልጣን) መሆን ቻለ። ከዛ ወዲህ ከርነሉ ኖ ዲሊት ናል ፖይንተር ቼክስ በሚል ፍላግ ነው የሚሰራው። ኖ ስትሪክት አሊያሲንግም (የተለያየ ታይፕ ያላቸው ፖይንተሮች አንድ ሚሞሪ አያዩም ብሎ ኮምፓይለሩ እንዳይገምት የሚከለክለው ፍላግ) እንደዚሁ ነው፣ ትንሽ ፍጥነት ትተው ኮዱ ሰው እንደሚያነበው እንዲሆን መርጠዋል።

ስለዚህ ኦፕቲማይዜሽን ስትጨምሩ አንድ ነገር ከተበላሸ ፋይሉን ለብቻው ወደ ኦ1 አውርዳችሁ (ሜክፋይሉ ላይ ይቻላል) የትኛው ፋይል እንደሆነ ለዩ፣ ግን እሱን ፊክስ ብላችሁ እንዳትልኩ! ለፍለጋ ብቻ ነው።

4. ሲበላሽ ማየት ትችላላችሁ?

ፍሬም ፖይንተርን (የፈንክሽን ጥሪዎችን ሰንሰለት ለመከተል የሚረዳውን አድራሻ) ማውጣት አንድ ሬጅስተር ያተርፍላችኋል፣ በምትኩ ፕሮፋይለሩ (ጊዜው የት እንደጠፋ የሚያሳየው ቱል) ማን ማንን እንደጠራ ለማወቅ ይቸገራል። ዲስትሪቢዩሽኖቹ ለብዙ አመት ሬጅስተሩን መርጠው ነበር፣ በኋላ ፌዶራ 38 በ2023 ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ በ2024 ፓኬጆቻቸውን መልሰው በፍሬም ፖይንተር መስራት ጀመሩ። ትንሽ ፍጥነት ያስከፍላል ተብሎ ብዙ ክርክር ነበረበት፣ ለኔ ግን ጥያቄም የለውም፣ የት እንደዘገየ ካላየሁ ምኑን ነው የማፈጥነው?

5. ምክንያቱን ጻፉ፣ ከዛ በሌላ ኮምፓይለር ሞክሩ

ኮሚቱ ላይ ቁጥሩን፣ የኮምፓይለሩን ቨርዥን እና በየትኛው ሲፒዩ እንደለካችሁ አስቀምጡ፣ ኮምፓይለሩ ሲቀየር ያ ፍላግ አሁንም ይጠቅም እንደሆነ የሚመጣው ሰው መልሶ መለካት መቻል አለበት። ኢንላይን ላይ የከርነሉ የኮዲንግ ስታይል ሰነድ ራሱ ከ3 መስመር በላይ የሆነ ፈንክሽን ላይ አታድርጉት ይላል። የኔዋ ሁለት መስመር ነበረች፣ ህጉን አክብሬም አልዳንኩም እንግዲህ።

ከዛ በክላንግ (ሌላ ኮምፓይለር ነው) ስሩት፣ ከሜክ ጋር ኤልኤልቪኤም እኩል ይሆናል 1 ማለት ብቻ ነው። ከከርነል 5.12 (2021) ጀምሮ ክላንግ ከርነሉን በኤልቲኦ (ፋይሎቹ ሲገጣጠሙ በሚደረግ ኦፕቲማይዜሽን) መስራት ይችላል፣ ኤልቲኦ ደግሞ ፋይል ለፋይል አሻግሮ ኢንላይን ስለሚያደርግ እኔ በእጄ ያደረግኩትን ስህተት ከርነሉ ሙሉ ላይ በራሱ ይሞክርላችኋል። ያቺን ድራይቨር በኤልቲኦ ስሰራት ተመሳሳይ ሉፕ ሌላ ፋይል ውስጥ ወጣ፣ እሱንም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።