ከጢስ ዓባይ ሌላ ፏፏቴ ለማየት ስትወጡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከባሕር ዳር ተነስቶ ፏፏቴ አያለሁ ያለ ሁሉ የሚያቀናው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጢስ ዓባይ ነው። ይገባዋልም። ግን ክረምቱ ሲወጣ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ስማቸውን የአካባቢው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ጅረቶች ከገደል ይወረወራሉ፤ ወደ አዊ ዞን ሲዘለቅም እነ ዶንዶርና ፋንግ አሉ። እነዚህን ለማየት የሚወጣ የከተማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ፏፏቴውን ባለቤት የሌለው አድርጎ ስለሚያስብ ነው። ውኃው የሚወርደው በአንዱ እርሻ ጫፍ፣ በሌላው የግጦሽ መሬት፣ ወይም በአጥቢያው ጠበል ላይ ነው።

የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣሩ መነሳት

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ባለፈው ሳምንት ሄዶ የመጣ ወዳጅ የነገራችሁ አይበቃም። መናኸሪያ ሄዳችሁ የዚያን መስመር ሹፌሮች በዕለቱ ጠይቁ። ሹፌሩ ካመነታ ጉዞው ይቅር።

ወሩን አለመቁጠር

ጥምቀትን አስታክኮ በጥር የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው፤ ትንንሾቹ ጅረቶች ግን ያኔ አልቀዋል። የሚኖሩት በዝናብ ነው፤ ዝናቡም በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ኅዳር ላይ ይመነምናሉ፤ ጥር ሲገባ ብዙዎቹ እርጥብ ድንጋይ ብቻ ናቸው። በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ውኃው ሞልቶ መንገዱ ይጠፋል፤ ዋልካው ጫማ ያስቀራል፣ ቀዩ አፈር ያንሸራትታል። ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ያዙ። አደይ አበባውም ገና አልረገፈም።

ጢስ ዓባይ በዚህ ሂሳብ አይገባም። ውኃው የሚወጣው ከጣና ነው፤ ታዲያ በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ፏፏቴው አጠገብ ተሠሩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በምዕራብ በኩል በዋሻ መውሰድ ጀመረ። ስለዚህ እዚያ የምታዩትን ውኃ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። «ጢስ ዓባይ ደርቋል» የሚል ሰምታችሁ ሌሎቹንም አትተዉ፤ ጢስ ዓባይ ሞልቷል ተብሎም በየካቲት ትንሽ ጅረት ፍለጋ አትውጡ።

ርቀቱን በኪሎ ሜትር መጠየቅ

«ቅርብ ነው፣ ከዚያች ጉብታ ወዲያ» የሚላችሁ አርሶ አደር አልዋሸም፤ ለእሱ ቅርብ ነው። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ደግሞ የእግር መንገዱን አያውቀውም። የሚሻለው «አሁን ሄደን ስንመለስ ፀሐይዋ የት ትደርሳለች?» ብሎ መጠየቅ ነው። በእጁ ሰማዩ ላይ ያሳያችኋል። እሱ ላይ ለከተማ እግር የሚሆን ጨምሩ።

እርሻውን ማቋረጥ

ትልቁ በደል ይህ ነው። ውኃው በሚያምርበት በጥቅምት ጤፉ እየደረሰ፣ ዳጉሳው እያሸተ፣ ኑጉ ቢጫ ለብሶ ነው። ኑጉ ውስጥ ገብቶ ፎቶ የሚነሳውን ሰው ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። የወደቀ ጤፍ ለማጨድ ይቸግራል፣ ፍሬውም ይረግፋል፤ የአንድ ቡድን እግር በሰው የዓመት ቀለብ ላይ ይሄዳል ማለት ነው። አጥር የሌለው ሣር ሜዳ ስታዩም ነፃ ነው አትበሉ፤ ለከብት ተብሎ የተከለለ ሊሆን ይችላል። በወሰኑ ዳር ዳሩን ሂዱ፤ መንገዱ ከጠፋችሁ ቆማችሁ ተጣሩ።

ከመጣራት በፊት ግን ሰላምታ አለ። የሚያጭድ ሰው ስታገኙ «እግዜር ያበርታችሁ» በሉ፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ተጠያየቁ፤ ፏፏቴው ከዚያ በኋላ ይነሳል። መስኮት አውርዶ «ፏፏቴው በየት ነው?» የሚል ሰው አቅጣጫ ያገኝ ይሆናል፤ የሚሸኘው ሰው ግን አያገኝም። በአዊ ገጠር የቤት ቋንቋው አውኛ መሆኑንም አትርሱ፤ ሰላምታውን ቀድማችሁ ብትማሩ ፊት ይፈታል።

ጠበሉን መዋኛ ማድረግ

ከገደል የሚወርድ ውኃ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ካለ ውኃው ጠበል ሊሆን ይችላል። ጠይቁ። ጠበል ከሆነ ጫማ ይወለቃል፣ ወንድና ሴት ለየብቻ ይጠመቃል፣ የሚጠመቅ ሰው ፎቶ አይነሳም። የዓባይ ምንጭ በሆነው በግሽ ዓባይ እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብም። በየወሩ በ12፣ በ21ና በ29 ጠበልተኛው ሊበዛ ስለሚችል ለሽርሽር ሌላ ቀን ምረጡ። ጠበል ያልሆነውን ፏፏቴ ለማየት ግን እነዚሁ ቀኖች ይመቻሉ፤ በዓሉን የሚያከብረው አርሶ አደር ከእርሻ ስለማይውል መንገድ የሚያሳይ ሰው አይጠፋም።

ጠበል ባይሆንም ለመዋኘት አትቸኩሉ። በጣና አካባቢ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ውኃው በተኛበት ዳር ይኖራል። ገብታችሁ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ ሰገራ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ላይኛው ተራራ ላይ ከዘነበም ደራሽ ይመጣል። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ካመጣ ዕቃችሁን ለመሰብሰብ ሳትሉ ውጡ።

ሕፃን ልጅ አስከትሎ መሄድ

ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ መንገዱንም ያውቁታል። ግን በትምህርት ሰዓት ብር የሚሰጥ እንግዳ ከመጣ ነገ ትምህርት ቤት ማን ይሄዳል? እረኛ ከሆነም የተዋቸው ከብቶች የሰው ማሳ ይገባሉ፤ ጠቡ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። አዋቂ ሰው ፈልጉ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ስትመለሱም ሳትከራከሩ ክፈሉ። ከረሜላና እስክሪብቶ መበተኑ ይቅር።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች

ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ይዞ ገጠር መውጣትም እንዲሁ። ጠላ ከቀረበላችሁ ባትጠጡ እንኳ ቀምሳችሁ መልሱ። ላስቲክና ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ላም ላስቲክ በልታ ትሞታለች። አልጌ የያዘ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሰልፊ ስለሚነሳ ሰው ምንም አልልም።

መመለሻውን አለማሰብ

ወደ ገጠር ቀበሌ መኪና በደንብ የሚገኘው በገበያ ቀን ነው፤ የዚያን ወረዳ የገበያ ቀን ሳታውቁ አትነሱ። በገበያ ቀንም ቢሆን መኪናው የሚመለሰው ገበያው ሲበተን ነው፤ እናንተን አይጠብቅም። ስትወርዱ ሹፌሩን የመመለሻውን ሰዓት ጠይቁት፤ ወንበር እንዲይዝላችሁም የተወሰነ ብር አስይዙት።